ኦክስጅን በቃሬዛ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ሰው እንዲስቅልኝ ወይም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ የምናገረው ነገር ካለዚህ ስለማይገባ ነው። ከፍታ ያዞረኛል። ወራጅ ውሃ ያስፈራኛል። መኪና ቁልቁል ሲወርድ ከሾፌሩ ቀድሞ የእኔ እግር ወለሉን ይረግጣል። እንዲህ ያለችውን ሴት የመድኃኒት ባለሙያ ብሎ ስማዳ የመደባት ማን እንደሆነ አላውቅም። ስማዳ ገደል ነው፤ ገደል የሌለበት ቦታ ደግሞ ወንዝ ነው።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ይገኛል። ሰው ሥራዬ መድኃኒት ማደል ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ ማደል ከሆነ ግማሹ መጠበቅ ነው። አገራችን ወደብ የላትም። ጓንቱም፣ መርፌውም፣ ግሉኮሱም በመርከብ መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያ በተሳቢ በረሃውን አቋርጦ መሐል አገር ይገባል፤ ከመሐል አገር ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር። እስከዚያ ያለው ጉዞ ረጅም ቢሆንም ባለቤት አለው፤ ዕቃው ቢዘገይ እንኳ የት እንደዘገየ የሚነግርሽ ሰው አታጪም። ከደብረ ታቦር እኛ ዘንድ ያለችው የመጨረሻዋ ቁራሽ ግን የማንም አይደለችም። በጋ ላይ ባገኘነው መኪና እናስጭናለን። ክረምት ላይ ውሃው ሲሻው ያሳልፈናል፣ ሳይሻው ያስቀምጠናል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ መድኃኒት እኛ ደጅ ያለችውን ወንዝ መሻገር አቅቶት ማዶ ላይ ሲከርም አይቻለሁ።

ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም የገባ ሰሞን። መብራት ከጠፋ ቀናት አልፈዋል። ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራልን ማሽን መብራት ከሌለ ተራ ብረት ነው፤ የቀረልን በሲሊንደር የተሞላው ብቻ ነበር፤ እሱም እያለቀ ነው። አምቡላንሱ ጎማ አጥቶ ቆሟል። መንገዱ ለአንድ ቀን ገር ሲል ባዶዎቹን ሲሊንደሮች በሕዝብ መኪና ላይ አስጭኜ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ሦስት አስሞላሁ፤ አንድ ትልቅ፣ ሁለት ትናንሽ። ልመለስ ስል ዝናቡ ሳያባራ ጣለ። ወደ እኛ የሚወርድ መኪና ጠፋ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጤና መኮንናችን ነበር፤ ጤና ጣቢያውን የሚመራው ወጣት።

«የት ደረስሽ?» አለኝ።

«አልተነሣሁም። መኪና የለም።»

«ዛሬ ጠዋት ያለጊዜዋ የተወለደች ሕፃን አለች። ለመተንፈስ ትታገላለች። ያለችን አንዲት ሲሊንደር ናት፤ እሷም ከግማሽ በታች ሆናለች። ነገ ከሰዓት በኋላ ድረስ ካደረሰችን ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ወደ ደብረ ታቦር ላካት!»

«በምን?» አለኝ።

 ስልኩን ዘግቼ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

ወገዳ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ አሉ። አይሱዙአቸውን ራሳቸው ይነዳሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያልፋል፤ ንግግር አያበዙም። በየጅምላ መደብሩ እየዞርኩ ስፈልጋቸው ጨው ሲያስጭኑ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ወደ ወገዳ ነዎት?»

«አላህ ካለ ነገ በጠዋት እሞክራለሁ። ምን ይዘሻል?»

«ኦክስጅን።»

«ጋዝ?»

«አየር ነው፣ ጋሼ።»

«አየር ከሆነ በብረት ምን አሳሰረው?»

ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር። እውነቱን ከሰሙ እምቢ የሚሉኝ መሰለኝ። አፌ ግን እውነቱን አወጣው። «ራሱ አይነድም። የሚነድ ነገር ካገኘ ግን እሳቱን ያባብሳል። ዘይትና ናፍጣ አጠገቡ መሆን የለበትም። አናቱ ላይ ያለው ቁልፍ ተመትቶ ከተሰበረ ደግሞ እንደ ጥይት ይወነጨፋል።»

 «ለልጅሽ ነው?» አሉኝ። ለበሽተኛ እንደሆነ እንኳ አልነገርኳቸውም ነበር፤ ከፊቴ ያነበቡት ይመስለኛል።

«አይደለም።»

«ለማን ልጅ ነው ታዲያ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ዛሬ ነው የተወለደችው።»

ወደ ጫኞቹ ዞሩና «ያንን የናፍጣ በርሜል አውርዱት» አሉ። የጨውን ጆንያ ራሳቸው እየገፉ በመሐሉ ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጁ። ሦስቱን ሲሊንደሮች አስተኝተን በጆንያ አጥብቀን ያዝናቸው። «ጨው አይነድም» አሉኝ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ያሉት አልገባኝም።

በማግስቱ ማልደን ተነሣን። ዕለቱ ዓርብ ነበር። «ጁምዓዬን መንገድ ላይ አደረግሽብኝ» አሉኝ ነጋዴው፤ ቂም ግን አልነበረበትም። የጉናን ጉም አቋርጠን ጋይንት ገባን። ንፋስ መውጫን አልፈን ወደ አርብ ገበያ ስንወርድ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ዘርግተው መንገድ ዳር ቆመው አየን። ነጋዴው ፍሬን ያዙ።

«የኔታ፣ ወዴት ነው?»

«ወንዙ ማዶ ያለው ደብር ነው የምሄድ። ተማሪዬ ነበር፣ አሁን ያገለግልበታል። የፍልሰታን ሰዓታት አብሬው ልቆም ብዬ። አንቱስ ደኅና ነዎት?»

እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም በሚባለው ቦታ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው። በእኔና በበሩ መካከል ተቀመጡ። ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው በሹክሹክታ ያነቡ ጀመር። የእኔ እጅ ጉልበቴን ጨምድዶ ይዟል። ሰዓቴን አይቼ ሳልጨርስ መልሼ አያለሁ።

አርብ ገበያን ለቀን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አየን። ከድንጋዩ ኋላ የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅንም። በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ የቆመን የታጠቀ ሰው ማንነት የሚጠይቅ ተጓዥ የለም። ነጋዴው ሞተሩን አጠፉ፤ ሁለት እጃቸውንም መሪው ላይ፣ ከሩቅ በሚታይ ቦታ አስቀመጡ። አይቼ እኔም እጄን ጉልበቴ ላይ ገልጬ አስቀመጥኩ።

«ምን ጭነሃል?» አለ አንዱ።

«ጨው። መድኃኒትም አለበት።»

ሁለቱ ወደ ላይ ወጡ። ጆንያ ሲገፋ ሰማሁ። ከዚያ ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ።

«ይኸ ምንድን ነው? ቦምብ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ።

የኔታን ተሻግሬ፣ በሩን ከፍቼ መቼ እንደወረድኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከኋላ ደርሼ ቀና ስል ያየሁትን ነው፤ ሰውየው የጠመንጃውን ሰደፍ ከትልቁ ሲሊንደር አናት በላይ፣ ልክ ከቁልፉ ትይዩ አንሥቶታል።

«አትምታው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፈሙዛቸውም አብሯቸው ዞረ። በሕይወቴ ያን ያህል ዐይን በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ድምፄ እንደ በግ ግልገል ቀጥኖ «አየር ነው፤ ለሕፃን ነው፤ ላሳያችሁ» አልኩ። አለቃቸው የሚመስለው፣ ፂሙ ያደገ ሰው፣ በአገጩ ውጪ አለኝ። ወጣሁ። ከታች፣ መኪናው አጠገብ፣ አንዱ ሲጋራ ይዞ ቆሟል።

«መጀመሪያ ሲጋራህን ጣልልኝ» አልኩት።

አለቃውን አየና ጣለው።

ተንበርክኬ የአንዷን ትንሽ ሲሊንደር ቁልፍ በጣም በጥቂቱ አዞርኩ። ጩኸቷ እንደ እባብ ፉጨት ወጣ። ከላይ ከቆሙት አንዱ ወደ ኋላ ዘሎ ጭቃው ላይ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። እኔ ፊቴን ወደ ነፋሱ አስጠግቼ ተነፈስኩ፤ ሌላ የማደርገው አልመጣልኝም። አለቃው ቀረበና መዳፉን አስጠጋ።

«አይሸትም» አለ።

«አየር ምን ይሸታል?» አልኩ።

ለአፍታ አየኝ። «ሂዱ። ግን ወንዙ አፋፍ ላይ መንገዱ ተንዷል ይባላል። መኪና አያሳልፍም።»

ቁልፉን ከዘጋሁ በኋላ ጣቶቼ አልላቀቅ አሉኝ። አንድ በአንድ በሌላው እጄ ነው ያስለቀቅኳቸው። ጋቢና ውስጥ ተመልሼ ስቀመጥ ቀሚሴ እርጥብ ነበር፤ ያረጠበው ዝናቡ ብቻ አልነበረም። የኔታም ነጋዴውም ያዩ አይመስሉም ነበር። ነጋዴው መስኮታቸውን በጥቂቱ ዝቅ አደረጉ፤ የኔታ ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ።

ያ ቁልቁለት በበጋም ያስጮኸኛል። ቀይ ጭቃው በዝናብ ሲርስ እንደ ቅቤ ነው፤ በስተግራ ተራራ፣ በስተቀኝ ምንም። ከሁለተኛው ጥምዝ በኋላ የመኪናው ኋላ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረ። መሪው ወደ ተራራው ዞሮ ሳለ እኛ ወደ ጎን እንሄዳለን። ነጋዴው ፍሬን አልረገጡም፤ በከንፈራቸው አንድ ነገር እያሉ ቀስ አድርገው አቆሟት።

«ውረዱ» አሉን። «ከዚህ በታች ሰው ጭኜ አልወርድም።»

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወረዱ። እኔም ወረድኩ፤ ልቤ ጥቂት መለስ አለች። ነጋዴው ግን ከመቀመጫቸው ሥር ያለውን የእንጨት ታኮ አውጥተው በመስኮት ዘረጉልኝ።

«ከፊት ጎማው አጠገብ ሆነሽ ሂጂ። 'ጣይ' ስልሽ ጎማው ፊት ትጥይዋለሽ። 'አንሺ' ስልሽ ታነሺዋለሽ።»

«እኔ?»

«የኔታ ዐይናቸው ደካማ ነው። ሌላ ማን አለ?»

እውነት ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ታኮውን ታቅፌ ከዚያ ግዙፍ ጎማ ጎን ጎን ሄድኩ። ጣይ ሲሉኝ እጥላለሁ፤ ጎማው ታኮው ላይ ደርሶ ሲቆም መሬቱ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። አንሺ ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ እስባለሁ፤ በየጊዜው ጎማው እጄን ይዞ የሚሄድ ይመስለኛል። አራተኛው ይሁን አምስተኛው ላይ ታኮው ራሱ ከጎማው ጋር መንሸራተት ጀመረ። እጄን ለመንቀል የነበረኝ ጊዜ ዐይን ከመርገብገብ አይበልጥም። ነቀልኩት፤ የእጅጌዬ ጫፍ ግን ሥር ገብቶ ቀረ። መኪናዋ ሁለት ክንድ ያህል ተጎትታ ድንጋይ ላይ ተደግፋ ቆመች። ከኋላዬ የኔታ «ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን» ይላሉ፤ ከላይ ነጋዴው «ያ ረቢ» ይላሉ። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ የቀረውን እጅጌዬን አየሁ። አለቀስኩ ማለት ያንሰዋል። ከዚያ ነጋዴው «ልጄ፣ አንሺ» አሉኝ፤ ተነሥቼ አነሣሁ።

ወንዙ አፋፍ ላይ ስንደርስ የታጠቀው ሰውዬ እንዳለው ነበር። የአውድማ ስፋት ያህል መንገድ ከነተራራው ቆዳ ተገፍፎ ወደ ወንዙ ወርዷል። ከላይ ገና ጠጠር ይንከባለላል። የመኪናው ድልድይ ከናዳው ማዶ ይታያል፤ መድረሻ ግን የለውም። ወንዙ ደፍርሶ፣ ዛፍ ተሸክሞ፣ ሲያገሳ ይሰማል። ከላይ በኩል ገበያተኛ የሚሻገርበት በሽቦ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ አለ። እሱን ከተሻገሩ እኛ ጤና ጣቢያ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ስልኬ ኔትወርክ ያዘ። ደወልኩ።

«አልቋል» አለኝ ጤና መኮንኑ። «ሲሊንደሯ አለቀች። በአየር መንፊያ ከረጢቱ፣ በባጉ፣ በእጄ እየነፋሁላት ነው። የት ናችሁ?»

«ወንዙ ጋ።»

«ማዶ ወይስ ወዲህ?»

«ማዶ።»

በስልኩ ውስጥ ባጉ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ይሰማኛል። አንዲት ሴት ከኋላ ትቆጥራለች። በኋላ ሳውቅ እናቲቱ ነበረች።

ለነጋዴው የሰማሁትን ነገርኳቸው። የኔታ ዳዊታቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱ። «ጾም ነው» አሉ። «የማዶው ደብር ሕዝብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። ሁሉም አሁን ቅዳሴ ላይ ነው። እኔ ልሻገርና ልጥራ።»

«የኔታ፣ ድልድዩ...» አልኩ።

«ድልድዩን አውቀዋለሁ፣ ልጀ። እንጨት የጎደለበትንም አውቀዋለሁ።»

ጃንጥላቸውን ለእኔ ሰጥተው ሄዱ። ያ የሚወዛወዝ ሽቦ ላይ ነጭ ልብሳቸው ወደ ማዶ እያነሰ ሲሄድ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ። እኔና ነጋዴው ሁለቱን ትናንሽ ሲሊንደሮች ተራ በተራ እየተሸከምን እስከ ድልድዩ አፍ አደረስን። በመሐል በመሐል ከናዳው ድንጋይ ሲወርድ ሁለታችንም ባለንበት እንቆማለን፤ እንተያያለን፤ እንቀጥላለን።

ሰዎቹ መጡ። ዐሥር ያህል ገበሬዎች፣ ነጠላቸው በትከሻቸው፣ ያልቀመሱ፤ የደብሩን ቃሬዛ ይዘዋል። አንዱ ወደ እኔ ቀርቦ «በሽተኛው የታለ?» አለ።

«ይኸው» አልኩና ሲሊንደሮቹን አሳየሁ።

ተያዩ። ከኋላቸው የመጡት የኔታ ናቸው የተናገሩት። «እስትንፋስ ነው፣ ልጆቼ። አንሡት።»

ትልቁን ሲሊንደር ድልድዩ የሚችለው አልመሰላቸውም፤ ጣውላው ሦስት ቦታ ወልቋል። ትልቁ ከነጋዴው ጋር ይቅር ተባለ። ትናንሾቹን ሁለት ጎልማሶች በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ሄዱ። እኔ በትናንሾቹ ላይ ብቻ የሚገጠመውን፣ ከደብረ ታቦር ያመጣሁትን መቆጣጠሪያ በነጠላ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩ። ያለ እሱ ሲሊንደሩ ምንም አያደርግም፤ እሱን መግጠም ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ መሻገር ነበረብኝ።

ድልድዩ ላይ ሦስት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ።  ከሥሬ በተሰነጠቀው ጣውላ ውሃው ይሄዳል፤ የሚሄደው እኔ የሆንኩ ይመስለኛል። ከፊቴ የነበረው ገበሬ ዞሮ አየኝ።

«ወደ ታች አትይ» አለኝ። «ተረከዜን እይ። ተረከዜን ብቻ።»

ተረከዙን አየሁ። የተሰነጣጠቀ፣ ጭቃ የሞላው ተረከዝ። ሲነሣ አነሣለሁ፤ ሲያርፍ አሳርፋለሁ። ጣውላው የጎደለበት ቦታ ሲደርስ «እዚህ ሰፋ አድርጊ» ይለኛል። የመጨረሻውን ክፍል በእጅና በጉልበቴ ነው የጨረስኩት። ማዶ ደርሼ ሣሩን ጨበጥኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ነጋዴው ከመኪናቸው አጠገብ ብቻቸውን ቆመዋል። እጃቸውን አነሡልኝ።

ሲሊንደሮቹ ቃሬዛው ላይ ተኙ፤ ዝናቡ እንዳይመታቸው በላስቲክና በጋቢ ተሸፈኑ። አራት አራት ሆነው እየተቀያየሩ ሽቅብ ሮጡ። እኔ ከኋላ እየወደቅኩ እየተነሣሁ እከተላለሁ። አንድ ቦታ ላይ አንዲት እናት ከአጥራቸው ወጥተው የተሸፈነውን ቃሬዛ ሲያዩ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። «ማን ነው? ኧረ የማን ቤት ፈረሰ?» ብለው አለቀሱ።

«አየር ነው፣ እማማ!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እየሮጠ።

«ምን አለ?» አሉኝ እኔን። ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ስንደርስ ጤና መኮንኑ ሕፃኗ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። የባጉን ጨመቃ ከጤና ጣቢያው ዘበኛ ጋር ሲፈራረቁ ቆይተዋል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ተጨብጠው አልዘረጋ ብለዋል። እናቲቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ንፋ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ንፋ። ድምፅዋ ሻክሯል። ሕፃኗ መዳፌን አታህልም። ጥፍሯ ሰማያዊ ነበር።

መቆጣጠሪያውን ከደረቴ ፈትቼ ልገጥም ስል ጥርሱ አልገጥም አለኝ። አንዴ፣ ሁለቴ ሳትኩ። ያን ሁሉ መንገድ አልፌ እዚህ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ላበላሸው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሁሉ የባሰው ፍርሃት ይህ ነበር። ዐይኔን ጨፈንኩና በጣቴ ብቻ ዳሰስኩት። ገጠመ። ከፈትኩ። ኦክስጅኑ በሚያልፍበት ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አረፋ መጣ።

እናቲቱ መቁጠሯን አላቆመችም። ጤና መኮንኑ «በቃ፣ አሁን ራሷ ትተነፍሳለች» ካላት በኋላ እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ ጥፍሯን ነበር የማየው። ቀስ እያለ ሐምራዊ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ አለ። ወጥቼ መድኃኒት መጋዘኔ ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ፍርሃቱ ግን አላለቀም። ትናንሾቹ ሲሊንደሮች ብዙ አይቆዩም፤ ነጋዴውም ከናዳው ሥር ብቻቸውን ናቸው። ስልካቸው አይነሣም። አመሻሹ ላይ ከወንዙ በኩል ተራራ ሲወርድ የሚሰማ ድምፅ ተሰማ። ደግሜ ደወልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እነዚያው ገበሬዎች መጡ። ማንም ሳይልካቸው በጠዋት ወርደው፣ ለድልድዩ ጣውላ ቆርጠው፣ የጎደለውን ሞልተው ትልቁን ሲሊንደር በቃሬዛ አምጥተዋል። ከኋላቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑት ነጋዴ ይከተላሉ። ሮጬ ሄድኩ።

«ስልክዎ አይነሣም» አልኩ፤ እንደ ተቆጣ ሰው።

«ውሃ ገባበት» አሉ። «ናዳው ሲጀምር ኋሊት አወጣኋት። ታኮ የሚጥልልኝ ግን አጣሁ።» ከዚያ «ጨዉ ቀልጧል፤ ከግማሽ በላይ» አሉና ወደ ሕፃኗ ክፍል አዩ። «እንዴት ናት?»

«አለች» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ።

ሕፃኗ አድጋ ወደ ቤቷ የሄደችው መስከረም ጠብቶ ነው።

በጥቅምት ወረዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ሰው ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል። አንድ ኃላፊ ተነሥተው መንገዱ እስኪሠራ መታገሥ እንዳለብን በረጅሙ አስረዱ። እጄን አወጣሁ። 

«መንገዱ ይሠራ፤ እኔም እጸልያለሁ» አልኩ። «እስከዚያ ግን ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ኦክስጅኑና ዋና ዋናው መድኃኒት ከወንዙ ወዲያም ወዲህም ይቀመጥ። ውሃ ሲሞላ ማንም እንዳይሻገር። ቃሬዛ በየደብሩ አለ፤ ማሰሪያ ይበጅለት። ሰዎቹም አሉ፤ ስልካቸው ይጻፍ። ድልድዩም ጣውላው ሳይወልቅ በፊት ይታይ።»

«ቢሰረቅስ?» አለ አንዱ።

ነጋዴው ከኋላ ወንበር ነበሩ። «አርብ ገበያ መጋዘን አለኝ። ጨዌን የሚጠብቀው ዘበኛ መድኃኒቱን አይጠብቅም?» አሉ።

ውሳኔው ቶሎ አልመጣም። ደብዳቤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሌላ ሄደ። በመጨረሻ በግንቦት ላይ በነጋዴው መጋዘን ጥግ ሲሊንደሮች ቆሙ፤ ከወንዙ ወዲህ ደግሞ ደብሩ አንዲት ክፍል ለቀቀልን። እኔ ዘጠኝ ጊዜ ወርጄ ወጣሁ፤ ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መቆጣጠሪያውን መግጠም አስተማርኳት፤ ለተሸካሚዎቹ አናቱን እንዳይመቱት፣ ሲጋራ እንዳያቀርቡበት ነገርኳቸው። ድልድዩን አሁንም የምሻገረው የሰው ተረከዝ እያየሁ ነው። ቁልቁለቱ ላይ አሁንም እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ቀለል አላለኝም፤ የሚለኝም አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት መንገዱ እንደገና ተቆረጠ። ደብሩ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሬ ጠምደው እያረሱ ሳለ ሳንባቸው ታፍኖ ወደቁ። ኤክስቴንሽኗ ከክፍሏ ሲሊንደር አውጥታ ገጥማላቸው፣ ሰዎቹ ከነሲሊንደሩ በቃሬዛ ተሸክመው ሽቅብ ጀምረው ሳለ ነው የተደወለልኝ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲደርሱ ሽማግሌው አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭንብል ተደርጎ፣ ዐይናቸውን አፍጥጠው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር። ደነገጥኩ፤ ትንፋሽ ያጠራቸው መሰለኝ። ጭንብሉን ገለጥ አደረግሁላቸው።

«በሬዎቼን» አሉኝ እያለከለኩ፣ «በሬዎቼን ማን አሰረልኝ?»